ለሁለት የተሰፋ ቬሎ

አውቶቡሱ ከመናኸሪያው በር ሳይወጣ ሁለት ጊዜ አስነጠሰና ቀጥ አለ። ሾፌሩ ወርዶ ሞተሩን ሲጎረጉር ቆየና እጁን በጨርቅ እየጠረገ ተመለሰ።

«ወገኖቼ፣ ዕቃ ካልተቀየረለት አይነሳም። ከሰዓት በኋላ እንገናኝ። የራበው ምሳውን ይብላ፤ ሊሰድበኝ የፈለገ ደግሞ ወረፋ ይያዝ።»

ተሳፋሪው ግማሹ እየሳቀ፣ ግማሹ እያጉረመረመ ወረደ። ልብስ ሰፊዋ አልሳቀችም። የእህቷን ልጅ ኮሌጅ ልታስመዘግብ ነበር ጉዞዋ። ምዝገባው ያልፈናል፣ ማደሪያ እናጣለን፣ ሻንጣው ይጠፋል እያለች ከቤት ከወጣች ጀምሮ ልቧ እንደተሰቀለ ነው። እህቷ «አደራሽን፣ ከዓይንሽ እንዳትለያት» ብላ ነው የሸኘቻት። አደራ ደግሞ ለእሷ ከድንጋይ ይከብዳል።

በልጅቷ በኩል ግን ጭንቀት የሚባል ነገር በደጇም አላለፈ። አንድ ቦታ አርፋ መቀመጥ ስለማይሆንላት ቤተሰቡ ሁሉ «ፌንጣ» ነው የሚላት። ያደገችው በእናቷና በአክስቷ መካከል፣ በአንድ ጣሪያ ሥር ነው። እናቷን «እማ»፣ አክስቷን «እምዬ» ትላለች። ሁለት እናት ያላት ልጅ ደግሞ ሁለት እጥፍ ትሞላቀቃለች።

«እምዬ! የት እንዳለን ታውቂያለሽ?»

«መናኸሪያ። አቧራ ውስጥ።»

«የልብሱ ድርጅት ዋና መሥሪያ ቤት እኮ እዚህ ከተማ ነው! ያ የሱቁ መስኮት ላይ ቆሜ አይቼ የማልጠግበው ልብስ! በእግር ይደረሳል አሉ፤ ሾፌሩን ጠየቅሁት።»

«ልብስ ለማየት ነው? ዕድሜዬን ሙሉ ምን ሳይ የኖርኩ መሰለሽ?»

«አንቺማ ያየሽው የተማሪ ዩኒፎርም ነው። ዩኒፎርምም ልብስ ሆኖ!»

«አፍሽ ይቆረጥ! በዚያ ዩኒፎርም ነው ያደግሽው።»

«እሺ ይቆረጥ፤ ግን ካየሁ በኋላ ይቆረጥ። ካልመጣሽ ብቻዬን እሄዳለሁ።»

ብቻዬን የሚለው ቃል ሴትዮዋን ከመቀመጫዋ አነሳት። ሻንጣውን ለሾፌሩ በአደራ ሰጥታ፣ «መኪናው ሲነሳ ጥለኸን እንዳትሄድ» ብላ ሦስት ጊዜ አስምላው፣ የነጠላ ጫማዋን ማሰሪያ አጥብቃ ተከተለቻት።

ሕንጻው ከላይ እስከ ታች መስታወት ነው። በሩ ላይ የቆመው ዘበኛ ቦርሳቸውን አይቶ፣ «ለጉብኝት ነው? ግቡ፣ ግቡ፤ ዛሬ ሰው የለም» አላቸው። ውስጡ ቀዝቃዛ ነው፤ አዲስ ጨርቅ፣ ካውያ የነካው ጨርቅ ይሸታል። ልብስ ሰፊዋ ሽታውን ስታውቀው ትንሽ ቀለል አላት። ትልቅ ቤት ቢሆንም ያው ስፌት ቤት ነው አለች በልቧ።

አንዲት ተረከዘ ቀጭን ጫማ ያደረገች ወጣት አስጎብኚ ፈገግ ብላ ተቀበለቻቸው። «እንኳን ደህና መጣችሁ። ከመጀመሪያው እንጀምር፤ የኛ ነገር ከመጀመሪያው ካልታየ አይጣፍጥም» ብላ ወደ ረጅሙ አዳራሽ መራቻቸው። ግራና ቀኙ በመስታወት ሳጥን የቆሙ ልብሶች ናቸው። በአዳራሹ መግቢያ፣ ከሁሉም ፊት፣ አንድ ነጭ ቬሎ ብቻውን ቆሟል።

ልብስ ሰፊዋ እግሯ ከመሬት ጋር ተሰፋ።

ያን ቬሎ ታውቀዋለች። ያኔ እንደ ፌንጣ ያለች ልጅ ሳለች፣ በአንድ ትልቅ ስፌት ቤት ቁልፍ ትተክል ነበር። የቤቱ ባለቤት ልጅ ጨርቅ በልክ የሚቆርጥ ልብስ ቀዳጅ ነው፤ ሜትሩ ከአንገቱ ስለማይወርድ ሠራተኛው «ባለሜትሩ» ይለዋል። እሱ እሷን «ቁልፌ» ይላታል። ፍቅራቸው ቀን በጨርቅ ክምር መሀል፣ በዓይን ነበር የሚነጋገረው፤ ማታ ግን ከዓይን አልፎ ነበር። እናቱን ሁሉም «እትዬ» ነው የሚላቸው፤ እትዬ ነገሩ ሲሸታቸው ሠራተኛው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ «ልጄ ከኔ ሠራተኞች መርፌ ይዋስ እንጂ ሚስት አይመርጥም» አሉ። ሴቶቹ ሳቁ። እሷም አንገቷን ደፍታ አብራ ሳቀች፤ ያን ዕለት የተከለችው ቁልፍ ሁሉ ጠማማ ሆነ።

ከጊዜ በኋላ ባለሜትሩ አንድ ቀን ማንም በሌለበት ወገቧን ለካ። ደግሞ ለካ። ከዚያ ፊቱ እንደ ንጋት እየፈካ መጣ። «ምነው?» ስትለው፣ «ምንም፤ አንቺ እስክትነግሪኝ እጠብቃለሁ» አላት። የምትነግረው ነገር ምን እንደሆነ አላወቀችም። ወዲያው ታመመች። የቀመሰችውን ሁሉ እያስመለሳት ቤቷ ተኛች፤ ውሃው ነው አለች፣ ድካሙ ነው አለች። ሲሻላት ስፌት ቤት ብትመለስ፣ ጓዳ ውስጥ፣ የልብስ መለኪያው አሻንጉሊት ላይ ይህ ቬሎ ተሰቅሏል። ስፌቱ የሱ ነው። መጀመሪያ ለእኔ ነው ብላ ደስ አላት። ቀጥላ ወገቡን በስንዝሯ ብትለካው ከእሷ ወገብ በጣም ይሰፋል። ሰው ስሙን እንደሚያውቅ እሷ የራሷን ልክ ታውቃለች። ልኳ አይደለም። ፍቅሩ የእሷ፣ ልብሱ የሌላ ሴት!

«የማን ነው?» አለች።

«የባለሜትሩ ሙሽራ ነዋ!» አሏት ሴቶቹ፣ እርስ በርስ ተያይተውም ሳቁ።

ያን ሳቅ እንደ መርፌ ዋጠችው። እሱ ከጨርቅ ገበያ እስኪመለስ አልጠበቀችም፤ ለማንም ሳትነግር ሩቅ አገር ወዳለችው እህቷ ሄደች። እዚያ ከደረሰች በኋላ ነው እህቷ ሆዷን አይታ፣ «አንቺ፣ ይሄ እኮ ሕመም አይደለም» ያለቻት።

አሁን አስጎብኚዋ ትናገራለች። «ይህ ቬሎ አልተሸጠም፣ አልተለበሰምም። ጌታዬ፣ የድርጅቱ ባለቤት፣ ለሙሽራቸው የሰፉት ነው፤ ሙሽራዋ ግን ሳትለብሰው ጠፋች። ወገቡ ለምን እንደሰፋ ሁሉም ይጠይቃል። እሳቸውም አንድ መልስ ብቻ ነው ያላቸው፤ "ሁለት ሰው ይገባበታል" ይላሉ።»

ሁለት ሰው።

ስንት ዓመት ሙሉ ያልገባት ነገር በአንዲት የማታውቃት ልጅ አፍ ገባት። የራሷን ገላ ከእሷ ቀድሞ ሌላ ሰው ያውቀዋል ብሎ ማን ይጠረጥራል? ተሳስታ የለካችው ወገቡን አልነበረም። ራሷን ነበር። መስታወቱን በመዳፏ ተደገፈች፤ ቀዝቃዛው መስታወት ግን ምንም አላገዛትም።

«እምዬ፣ ደከመሽ?» አለች ፌንጣ።

«ጉዞው ነው። ሂዱ፣ እከተላለሁ።»

አስጎብኚዋ ቀጠለች። «ከቬሎው በኋላ በዓመቱ የሕፃን ልብስ ብቻ አወጣን፤ ይኸው። በሚቀጥለው ዓመት መራመድ ለጀመረች ልጅ። ከዚያ ለሁለት ዓመት፣ ለሦስት፣ ለአራት። በየዓመቱ አንድ ዓመት ይጨምራል። ሌሎቹ ድርጅቶች ይስቁብን ነበር፤ ጌታዬ ግን "ደንበኛችን አደገች" ይላሉ። አየሽ፣ እኔም እዚህ ከገባሁ ጀምሮ ከሷ ጋር ነው ያደግሁት። ዘንድሮ ደንበኛችን ኮሌጅ ገባች!»

«እኔም!» አለች ፌንጣ እየዘለለች። «እኔም ኮሌጅ ልገባ ነው!»

«ታዲያ ምን ትጠብቂያለሽ? ነይ የዘንድሮውን ለኪው፤ ልክሽ ይመስላል።»

ልብስ ሰፊዋ በልብሶቹ መካከል ብቻዋን ሄደች። እጅጌው እፍኝ የማይሞላ። ቀጥሎ ጉልበቱ ላይ ድርብ ጨርቅ የተደረገበት፣ ስትወድቅ እንዳይቀደድ። ሦስተኛው ላይ ስትደርስ ቆመች። ከዚያ በኋላ ያሉትን ለማየት አቅም አጣች። መስመሩ ግን ይቀጥላል፤ ከፍ እያለ፣ እየረዘመ፣ እስከ አዳራሹ ጫፍ። ለማን? አንድ ሰው በሌለች ልጅ ላይ ዓመት ሲደርብ ኖሯል፤ እንዲቆም የሚነግረው ጠፍቶ። የምትነግረው እሷ ነበረች።

እንሂድ አለች ለራሷ። ልጅቷን ይዤ፣ አውቶቡሱ ተነሣም አልተነሣ፣ ሳያየኝ ልውጣ። እየፈጠነች መለኪያ ክፍል ገባች።

ፌንጣ በትልቁ መስታወት ፊት ቆማለች። ልብሱ ሰማያዊ ነው፤ ትከሻዋ ላይ ተኝቶ፣ ወገቧን ይዞ፣ እንደ ውሃ ይወርዳል። ልጅቷ ለመጀመሪያ ጊዜ በሕይወቷ ሳትንቀሳቀስ ቆማለች። ከእሷ ጀርባ፣ በሌላኛው በር፣ አንድ ጸጉሩ የሸበተ ሰው ቆሟል። ሜትር አንገቱ ላይ አለ።

ሰውየው በመስታወቱ ውስጥ መጀመሪያ ልጅቷን አየ። ቀጥሎ ከኋላዋ ያለችውን ሴት አየ። በእጁ የያዘው ጨርቅ ወለሉ ላይ ወደቀ፤ አላነሳውም።

«ትከሻው አይጠብሽም?» አለ ልጅቷን። ድምፁ እየተሰበረ ነው።

«ኧረ አይጠበኝም ጋሼ! ለኔ የተሰፋ ነው የሚመስለው። እምዬ፣ እይኝ እስቲ! አሁንም ዩኒፎርም ይሻላል ትያለሽ?»

እምዬ የሚለው ቃል በክፍሉ ውስጥ ሲወድቅ ልብስ ሰፊዋ ሰማችው። የሰውየው ዓይን ላይም አየችው። እንባ ሞላ፤ እንባው ግን የደስታ ነበር፤ ያ ነው የገደላት።

«አታውልቂው» አለ። «ያንቺ ነው።»

«በነፃ?! እምዬ፣ ሰማሽ?»

«ለሱ የሚሆን ጫማም አለ» ብሎ አስጎብኚዋን በዓይኑ ጠቀሳት። ሁለቱ ወጣቶች እየተሳሳቁ ወጡ። በሩ ተዘጋ።

«ቁልፌ» አለ።

በዚህ ስም ከሱ በቀር የጠራት የለም። ከመቁረጫው ጠረጴዛ አጠገብ ባለች ወንበር ላይ ተቀመጠች።

«አርጅቻለሁ አይደል?» አለ፤ ሊስቅ ፈልጎ አልሆነለትም።

«ሸበትክ እንጂ አላረጀህም። ሜትሩም አልወረደም።»

«እሱ ከኔ ጋር ነው የሚቀበረው።» ከፊት ለፊቷ ቁጢጥ አለ። «አንድ ነገር ንገሪኝና ሌላ አልጠይቅሽም። እናቴ ናት? እሷ ምን አለችሽ? ይህንኑ እየጠየቅኋት ምላ ተገዘተችልኝ፤ አላመንኳትም። ከቤቷ የወጣሁት በዚያ ነው። እስክትሞት አልታረቅኋትም።»

ልብስ ሰፊዋ ፊቷን በእጇ ሸፈነች። «እትዬ ምንም አላሉኝም። ንጹሕ ናቸው።»

«ታዲያ ማነው?»

«ቬሎው ነው።»

«ቬሎው?»

«ወገቡን በስንዝር ለካሁት። ልኬ አልነበረም። የሌላ ሴት ነው አልኩ።»

«ያንቺ እኮ ነው» አለ በሹክሹክታ። «ለሠርጋችን ቀን ታስቦ ነው የተሰፋው፤ እስከዚያ ሆድሽ ይገፋል ብዬ። ሴቶቹም ያውቁ ነበር፤ እንዳይነግሩሽ ለምኛቸው ነው።»

«ዛሬ ነው የገባኝ። እዚህ፣ አሁን። ያኔ እንደታመምኩ ነበር የማውቀው።»

«እኔ ደግሞ ታውቂያለሽ ብዬ! አፍራ ነው፣ በራሷ አንደበት ትንገረኝ ብዬ ጠበቅሁ።»

«ለምን አልነገርከኝም?»

«ለምን አልጠየቅሽኝም?»

አንዱ በፍቅር ዝም አለ፣ አንዷ በኩራት ዝም አለች፤ ዝምታና ዝምታ ተጋብተው ሌላ ልጅ ወለዱ፤ እሱም ይኸው አርጅቶ በመካከላቸው ተቀምጧል።

ሰውየው ዓይኑን ጠረገ። «ይሁን፤ ያለፈው አለፈ። እኔ ለክፉ አልፈልግሽም። አሳድገሽልኛል። ብቻሽን፣ ያለ እኔ፣ እንዲህ አድርገሽ አሳድገሽልኛል። ሳቋን ሰማሽው? ልብሱ ልኳ ሆነ እኮ! ሴት መሆኗን ልቤ ነገረኝ፤ ሳላያት ልኳን አወቅሁት። በየዓመቱ ዓይኔን ጨፍኜ፣ አሁን ይህን ያህል ሆናለች እል ነበር። ሰው አብደሃል ይለኛል። ይኸው፣ አላበድኩም።»

ከበሩ ባሻገር የፌንጣ ሳቅ ይሰማል።

ዝም ብትልስ? አውቶቡሱ ሊነሣ ነው። ልጅቷ ልብሱን ለብሳ ትሄዳለች፤ ይህ ሰው ቀሪ ዕድሜውን ሰማያዊውን ልብስ እያሰበ ይኖራል። ማንን ይጎዳል? ምላሷ ላይ የመጣው ውሸት እንኳ አልነበረም፤ ዝምታ ብቻ ነበር። ዝምታ ደግሞ ታውቅበታለች።

ነገር ግን ሌላዋ አለች። ያቺ ትንሿ። እናቷ ዝም ካለች እሷ አልተወለደችም ማለት ነው፤ አልሳቀችም፣ አልታመመችም፣ ማንም አላለቀሰላትም ማለት ነው። አንድ ጊዜ ቀብራታለች። በገዛ እጇ ሁለተኛ ልትቀብራት አልቻለችም።

«የእህቴ ልጅ ናት» አለች።

«ማን?»

«ፌንጣ። የወጣችው። አክስቷ ነኝ። እምዬ ስትለኝ ያደገችው አብረን ስለምንኖር ነው።»

የሰውየው ፈገግታ ወዲያው አልጠፋም፤ መሄጃ እንዳጣ ሰው ፊቱ ላይ ቆሞ ቀረ። «የኛስ?» አለ።

ራሷን ነቀነቀች።

«የኛስ ልጅ፣ ቁልፌ?»

«ሦስተኛ ዓመቷን ሳትጨርስ። ትኩሳት ነው። ጠዋት ተኛች፣ በማግስቱ የለችም። ተሸክሜያት ሮጬ ነበር፤ እመነኝ፣ ሮጬ ነበር።»

ጠረጴዛውን ተደገፈ። በግድግዳው ማዶ የቆሙትን ልብሶች በዓይኑ የሚቆጥር ይመስል ነበር።

«ሰባት ሲሞላት የደብተር ኪስ አስገባሁላት» አለ፣ ለራሱ እንደሚያወራ። «የፊት ጥርሷ የወለቀ ጊዜ ነው ብዬ አፏን የምትሸፍንበት ሰፊ እጅጌ አደረግሁላት። አሥራ ሦስት ሲሆናት ደግሞ ማፈር ትጀምራለች አልኩ፤ አንገቱን ከፍ አደረግሁት። እና...» ቆመ። «እና ለማን ስሰፋ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ተነሥታ ቀረበችው። እጁን ልትይዝ ፈለገች፣ መብቱ ይኑራት አይኑራት አላወቀችም፤ የእጅጌውን ጫፍ ብቻ ያዘች። እሱም ተዋት።

«ተቆጣኝ» አለችው። «ስደበኝ። ዝም አትበል፤ ዝምታ ይበቃናል።»

«እቆጣለሁ። ነገ እቆጣለሁ፣ ከነገ ወዲያም እቆጣ ይሆናል» አለ። «ዛሬ ግን ልጄ መሞቷን ገና አሁን ነው የሰማሁት። ዛሬ ለቁጣ ቦታ የለኝም።» ከዚያ፣ «ምን ትመስል ነበር?» አለ።

«ጆሮዋ ያንተን ነበር። ስትወለድ አይቼ፣ ምስኪን ልጄ፣ ምነው ሌላ ነገሩን በወሰድሽ አልኳት።»

ሳይወድ ሳቀ። ሳቁ መሀል ላይ ተሰብሮ ወደ ለቅሶ ሄደ፤ እሷም አብራ አለቀሰች። ብቻዋን ያለቀሰችው ዓመት ሁሉ አንድ ሰው እስኪያግዛት ድረስ ሲጠብቅ የኖረ ይመስል ነበር።

«ትናገር ነበር?»

«ትናገር ነበር እንጂ! ቀኑን ሙሉ። የክር መጠቅለያ ሁሉ ልጇ ነበር፤ ደርድራ ትቆጣቸዋለች። "አርፋችሁ ተኙ" ትላለች፣ እኔ እሷን እንደምላት። ጠረጴዛዬ ሥር ተቀምጣ ከስፌት መኪናው ጋር ትዘፍናለች፤ መኪናው ሲቆም እሷም ትቆማለች።»

«ደስተኛ ነበረች?»

«ነበረች። ይህን በማንም እምላለሁ። ነበረች።»

በሩ ተንኳኳ፤ የፌንጣ ድምፅ ነው። «እምዬ! አውቶቡሱ ጥሎን እንዳይሄድ!» አለች። አሁን የምትጨነቀው እሷ መሆኗ የሚያስቅ ነበር፤ የሚስቅ ግን አልነበረም።

«መጣሁ፤ ትንሽ ታገሽኝ» አለቻት።

ሰውየው ፊቱን በመዳፉ ጠረገና ቀና አለ። አሁን ድምፁ የልብስ ቀዳጅ ድምፅ ነው፤ ሌላ ድምፅ አልቀረለትም።

«እስከ የት ትደርስ ነበር?»

«ምን?»

«ቁመቷ። አጠገብሽ ስትቆም እስከ የት ትደርስ ነበር?»

ልብስ ሰፊዋ ወለሉን አየች። ከዚያ ቀስ ብላ ቀኝ እጇን ዘረጋች፤ መዳፏን ወደ ታች አድርጋ ከወገቧ ዝቅ ብሎ፣ ዳሌዋ አጠገብ አቆመችው። አላሰበችበትም፤ እጇ ቦታውን ያውቀው ነበር።

«እስከዚህ» አለች።

ሰውየው መጣና ወለሉ ላይ ተንበረከከ። ከእጇ ሥር ያለውን ባዶ ቦታ አየ። ሕፃን ልጅ ፊቱን ሲያዞርበት አባት እንደሚያጎነብስ አጎንብሶ፣ በዚያ ከፍታ፣ ዓይን ይኖርበት በነበረው ቦታ፣ ረጅም ጊዜ ተመለከተ።

እጇ መዛል ጀመረ።

«አታውርጂው» አለ። «እባክሽ፣ ትንሽ።»

አላወረደችውም።